ለቅናት የተከፈተ መስኮት

ላፍቶ፣ ከሀና ማርያም ወረድ ብሎ ያለውን ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ሁሉ መስኮቱን ያውቃል። ለመሆኑ ወፍጮ ቤት መስኮት ምን ያደርግለታል? ዝናብ ከማስገባት በቀር! ደገፋ ግን አማከለችን ባገባ በሁለተኛው ወር የጭቃውን ግድግዳ በገዛ እጁ ሰርስሮ አንድ ክንድ የሚሆን ቀዳዳ ከፈተና ፍሬም ገጠመበት። ለወፍጮው ባለቤት ለዲንሳ፣ «ዱቄቱ ሳንባዬን ጨረሰው፣ ትንሽ ንፋስ ይግባ» አለው። ዲንሳ አመነው። ሰፈሩ ግን ሞኝ አይደለም። ከመስኮቱ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ፣ መንገዱ ዳር፣ አማከለች ሽንኩርትና ድንች የምትሸጥበት ጉልት ነበረ። ቦታውን የመረጠላትም እሱ ራሱ ነው።

እናንተዬ፣ ቀናተኛ ባል የሌለበት ሰፈር የለም። የደገፋ ቅናት ግን የባሰ ነበር። ሽንኩርት የሚገዛ ወንድ ሁለት ኪሎ ከጠየቀ «ምነው በዛ?» ይላል በሆዱ። ግማሽ ኪሎ ከጠየቀ ደግሞ «ነገም ሊመለስ ነዋ!» ይላል። የንስሐ አባታቸው መስቀል ሲያሳልሟት ትንሽ የቆዩ ከመሰለው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አማከለች ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ አንድም ቀን ግን አፍ አውጥታ አልተናገረችም። ፊቷን ወደ መንገዱና ወደ ገበያተኛው፣ ጀርባዋን ወደ መስኮቱ አድርጋ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ደገፋ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በመስኮቱ ያየው ነገር ቢኖር የሚስቱን ጀርባ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ልብ በሉልኝ። ተወልዶ ያደገው እዚያው ላፍቶ ነው። አባቱ ጤፍና ምስር ያመርቱበት የነበረው መሬት እየጠበበ ሲሄድ እሱ ወፍጮ ቤት ገባ፤ ሃያ ዓመት ሠራ። የወፍጮው ድንጋይ ሲደነዝ በጆሮው ያውቃል። ያን ጊዜ ሞተሩን ያጠፋና ድንጋዩን ገልብጦ በመውቀሪያ መዶሻው ቀጭ ቀጭ እያደረገ እንደገና ስለት ያወጣለታል። ኩንታል ብቻውን ያነሳል። አቅመ ደካማ አሮጊት ከመጣች ወረፋ አስጥሶ ይፈጭላታል። ቅንድቡ ዘወትር ዱቄት ነው፤ ከንፈሩ ላይ ሲጋራ አይጠፋም። ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ከሚስቱ ጋር ሲስቁ ያያቸው ወንዶች ሲቀሩ።

ቅናቱ ከሰማይ አልወረደም። አማከለች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች መጀመሪያ ሽማግሌ የላከባት በኃይሉ የሚባል የመካኒሳ ልጅ ነበር። የድሬሰርነት ትምህርት ላይ ነበር ያኔ። አባቷ፣ «ተማሪ ነው፤ ምን ሊያበላት ነው? ቁስል ጠራጊ!» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሱ። ሦስት ወር ሳይሞላ የደገፋ ሽማግሌዎች ገቡና እሺ ተባሉ። ሠርጉ ደመቀ፣ ልጃቸው ሶፊ ተወለደች፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ፤ የደገፋ ሆድ ግን አላረፈም። «ተሰጠችኝ እንጂ መቼ መጣችልኝ?» እያለ ያስባል። በኃይሉ መካኒሳ ባለው የግል ክሊኒክ ነጭ ጋዋን ለባሽ ድሬሰር ሆኗል፤ እሱም አግብቶ ወልዷል። አልፎ አልፎ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ከአማከለች ቲማቲም ይገዛል። ያን ቀን ወፍጮው እህል ሳይሆን የደገፋን አንጀት ነው የሚፈጨው።

ሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ረፋድ ደገፋ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ሊሸና ቆመ፤ ሽንቱ ቀይ ሥር የታጠበበት ውሃ መስሎ ወረደ። ደነገጠ። ቢሆንም ጾም ነበር፤ ትናንት ቀይ ሥር በልቷል። «እሱ ነው» ብሎ ሱሪውን አሰረ። አላመመውም፣ አላቃጠለውም። በማግስቱ ሽንቱ ጠራ፤ እሱም ረሳው። ከገና በኋላ ግን ተመልሶ መጣ፤ ያውም እንደ ጉበት ቁራጭ የረጋ ደም ይዞ። ግራ ጎኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ውጋትም ጀመረው፤ እሱን በኩንታል አሳበበ። ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ አጥብቦ ማሰር ከጀመረ ሰንብቷል፤ እሱን ደግሞ በጾሙ አሳበበ። ሰበብ የማያጣ ሰው ነው እኮ!

ለደሙ ግን ሰበብ ጠፋ። ወንዶች ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ እንደሰማው ከሆነ የወንድ ሽንት የሚበላሸው በጨብጥ ነው። ጨብጥ ደግሞ ወይ ጨረቃ ላይ በመሽናት ይመጣል፣ ወይ ከሴት። ደገፋ ጨረቃ ላይ አልሸናም። ከሚስቱ ሌላ ሴት አያውቅም። ታዲያ ከየት መጣ? የመለሰለት ያ በመስኮት ሲጠብቅ የኖረው አሥራ አራት ዓመት ነው። «ከሷ ነዋ!» አለ። ሰው ሽንቱ ደም ሆኖ ለራሱ ነፍስ መፍራት ሲገባው፣ እሱ የፈራው ለሚስቱ ጭን ነው። ወይ ጉድ!

ከሰዓት በኋላ ሶፊ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ቤቱ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። አማከለች ጎመን ትከትፋለች።

«የሶፊ እናት፣ በሽታውን ከማን ነው ያመጣሽልኝ?»

«የምን በሽታ?»

«የወንድ በሽታ። ደም ነው የምሸናው።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ታለቅሳለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አላለቀሰችም። ፊቷ ግን አመድ መሰለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«አትዙሪብኝ! ከማን ነው ያልኩሽ!»

«ስማኝ የሶፊ አባት» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ነገ አብረን እንመርመር፤ አንተም እኔም። እኔ ላይ ከተገኘ በገዛ እጅህ አውጥተህ ጣለኝ። ካልተገኘ ግን፣ ሐኪም የሚልህን ሁሉ ታደርጋለህ። እሺ በለኝ።»

«እሺ!» አለ። «የት ነው የምንመረመረው?»

«ለእኛ የሚቀርበው ላቦራቶሪ መካኒሳ ያለው ነው።»

አያችሁልኝ? መካኒሳ ያለው ማለት በኃይሉ ያለበት ማለት ነው። ደገፋ እምቢ እንዳይል ደግሞ ተናግሯል።

በማግስቱ ሁለቱም ሽንታቸውን በብልቃጥ ሰጥተው አግዳሚው ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ውጤቱን ይዞ የመጣው ያው ነጭ ጋዋን ለባሹ ነው።

«ወይዘሮ አማከለች ምንም የለባቸውም» አለ በኃይሉ። «አንተም ጨብጥ የለብህም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም የለም። ደም ግን ሞልቷል። ስትሸና ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«እሱ ነው እንግዲህ የማልወደው። የሚያም ደም ምክንያቱ ቶሎ ይታወቃል። ሳያም እየመጣ እየጠፋ የሚያታልል ደም ነው ክፉው። እስቲ ተኛ።»

ደገፋ ሸሚዙን ገልቦ ተኛ። በኃይሉ ከግራ የጎድን አጥንቱ በታች አንድ እጁን ከጀርባ፣ አንዱን ከፊት አድርጎ ጫን አለው። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሲጋራ ስንት ዓመት እንዳጨሰ ጠየቀው፣ ክብደቱን መዘነ፣ ደም ግፊቱን ለካ። ከፍ ብሏል። «ኩላሊትህን በአልትራሳውንድ መታየት አለብህ» ብሎ ወደ ሆስፒታል ወረቀት ጻፈለት። ደገፋ ደግሞ ጣሪያውን እያየ የሚያስበው፣ «ይኼ ሰው አሥራ አራት ዓመት ጠብቆ ዛሬ ሆዴን ጨበጠው» እያለ ነበር። ሚስቱ ንጹሕ መሆኗ መደሰቻው መሆን ሲገባው፣ የንጽሕናዋ ምስክር በኃይሉ መሆኑ ደስታውን አቃጠለበት።

ቃል ቃል ነውና ሄደ። በኃይሉም የሆስፒታሉን ሰዎች ስለሚያውቅ አብሯቸው ሄደ። ጎኑን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው አንድ እቃ አንሸራሸሩበት፤ ሐኪሙ እንደ ተበላሸ ቴሌቪዥን የሚዝረከረክ ነገር ላይ አፍጥጦ ቆየ። በሌላ ቀን በክንዱ መድኃኒት ወግተው፣ መድኃኒቱ በኩላሊቱ ሲያልፍ በየደቂቃው ራጅ አነሱት። ደረቱንም አነሱት። «ጎኔን ነው ያመመኝ፣ ደረቴን ምን ያደርጉታል?» አለ፤ «ትንፋሽህን ያዝ» አሉት።

በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ በሩን ከፈት አድርጎ ብቅ አለና፣ «አስታማሚ ማነው?» አለ።

እዚህ ላይ ንዴቴን ፍቀዱልኝ። በእኛ አገር በሽታው ሲብስ መጨረሻ የሚሰማው በሽተኛው ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድርተኛ ያውቃል፣ የታመመው ሰውዬ ብቻ «ትንሽ ብርድ ነው» እየተባለ ሾርባ ይጠጣል። ነገሩ ደግነት ነው፤ ድንጋጤው ከበሽታው ቀድሞ እንዳይገድለው ብለው ነው። ደገፋም የዚህ አገር ሰው ሆኖ አባቱን እንዲሁ ሸኝቷል። ያን ቀን ግን የተረሳው አንድ ነገር ቢኖር በሽተኛው ደገፋ መሆኑ ነው። ለደገፋ የተዘጋ በር ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው!

አማከለችና በኃይሉ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት ነበረች። ደገፋ ከአግዳሚው ተነስቶ ባንድ ዓይኑ ተመለከተ። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንስቶ ያሳያል። አማከለች ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ጎንበስ አለች። በኃይሉ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ቆየ። መስቀል ከሚያሳልሙት ቄስ የበለጠ ቆየ።

ሲወጡ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን አሉ?» አለ።

ሁለቱ ተያዩ። መተያየታቸው ነው የገደለው።

«ጠጠር ነው» አለች አማከለች። «የኩላሊት ጠጠር። በቀዶ ጥገና ይወጣል።»

ጠጠር! ዲንሳ ባለፈው ዓመት ጠጠር ይዞት እንደ ወላድ ሲጮኽ ደገፋ ነው ደግፎ ያመላለሰው። ሳምንት ሙሉ የገብስ ውሃ ጠጥቶ በገዛ ሽንቱ አወጣው፤ ማንም አልቀደደውም። ደገፋም የገብስ ውሃውን ጀመረ። በአራተኛው ቀን ሽንቱ ጠራ፤ ያ አታላይ ደም እንደ ልማዱ ሸሸት አለ። ደገፋ ደረቱን ነፍቶ፣ «ወጥቷል! ድኛለሁ!» ብሎ አወጀ።

«አልወጣም» አለች አማከለች።

«ምን አውቀሽ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ ጠጠሩ ቀለለ። ትለምነዋለች፤ «ቀን ተቀጥሮልሃል፣ ግባልኝ» ትለዋለች። «ለጠጠር ብሎ ሆዱን የሚያስቀድድ ማነው? ዲንሳ ተቀደደ?» ይላታል። ትንበረከካለች። እሱ ደግሞ መንበርከኳን ሲያይ ይብስበታል። «ይቺ ሴት እኔን ሆስፒታል ለማስተኛት ይህን ያህል የቸኮለችው፣ አልጋዬ ላይ ማንን ልታስተኛ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ መጥፋት ጀመረች። «ሽንኩርት ላመጣ ነው» ብላ ጉልቷን ለጎረቤት ትተዋለች፤ ስትመለስ ሽንኩርት የለም። ደገፋ በመስኮቱ ሲያይ ባዶ በርጩማ ያያል። ከሰው ጀርባ ይልቅ ባዶ በርጩማ እንደሚያቃጥል ያወቀው ያኔ ነው። የእህል ወረፋ የያዙ ሴቶች እርስ በርስ ሲያንሾካሾኩ ይሰማል፤ እሱ ሲዞር ዝም ይላሉ። ሁሉም ያውቃሉ! እሱ ብቻ የማያውቀውን ሁሉም ያውቃሉ። ይኼኛውን እንኳ እውነቱን ነበር።

የካቲት መጨረሻ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ድንጋዩን ገልብጦ እየወቀረ ሳለ አማከለች ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አየ። መዶሻውን እንደያዘ ተከተላት። ከግማሽ የተወቀረ ድንጋይ፣ ወረፋ የያዙ ሴቶች፣ የሚጮኽ ዲንሳ፣ ሁሉንም ጥሎ። ታክሲ ስትይዝ በሚቀጥለው ተሳፈረ። መካኒሳ ላይ ወረደና ክሊኒኩ በር ላይ ደረሰ፤ የለችም፤ በኃይሉም የለም። ዘበኛው፣ «አብረው ወጡ፤ ከተማ ነው የሄዱት» አለው። አብረው! መንገዱ ዳር ካለ ግንብ ሥር ተቀመጠና ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጋራ በሲጋራ ላይ አጨሰ። ጎኑ ይወጋዋል። እሱ ግን ጎኑ መሆኑን ረስቶታል፤ የሚወጋው ሁሉ ቅናት መስሎታል።

በመጨረሻ ከታክሲ ወረዱ። አማከለች ትንገዳገዳለች። በኃይሉ ክንዷን ይዞ፣ ቀስ እያለ፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት አስገባት። ደገፋ ተሻገረ። በበሩ ሲያይ ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ በኃይሉ ብርቱካን ልጦ፣ ፍሬ ፍሬውን እየለየ በእጁ ያጎርሳታል።

ያጎርሳታል!

ደገፋ እንዴት እንደገባ አያውቀውም። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው፤ ብርጭቆ ዘለለ፤ ሻይ ጠጪው ሁሉ ብድግ አለ። «ያዝኳችሁ!» ብሎ ጮኸ። «አሥራ አራት ዓመት ጠብቄ ዛሬ ያዝኳችሁ!» መዶሻውን እንደገና አነሳ። በኃይሉ አልሸሸም፤ እጁን ብቻ ወደ ላይ አደረገ። ያን ጊዜ ነው ደገፋ ያየው፤ የበኃይሉ እጅጌ እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል፣ ክርኑ እጥፋት ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል። የአማከለችም እጅጌ ተጠቅልሏል። የሷም ክርን ላይ ጥጥ አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ደገፋ።

አማከለች ዓይኗን ገለጠች። አሥራ አራት ዓመት የቻለችው ሁሉ ያን ቀን ፈነዳ።

«ደም ነው! ደሜ ነው! ለአንተ ሰጥቼ የመጣሁት! ሁለት ከረጢት ካልተያዘ አንቀድደውም አሉ። ወንድሞችህን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ፤ ደም ሲባል አንዱ ጉንፋን ያዘው፣ አንዱ ለቅሶ ሄደ። የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው! ጠጠር አይደለም፣ አንተ የማትረባ! ነቀርሳ ነው! ኩላሊትህ ላይ ነቀርሳ ነው! ልትሞትብኝ ነው!»

አንዲት ሴትዮ አማተበች። በኃይሉ፣ «አማከለች፣ ምነው...» ብሎ አንገቱን ደፋ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ላይ አይባልማ። ደገፋ መዶሻውን ቀስ አድርጎ አወረደው። አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ በኃይሉን አየ።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ምን?»

«ረቡዕ ረቡዕ የምትሄዱት... ለዚሁ ነው? ሌላ ነገር የለም?»

«ሌላ ምን ይኑር? ወረፋ ጥበቃ፣ አልጋ ልመና፣ ደም!»

ደገፋ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ፣ በፈጣሪ ስም፣ ሳቀ። «ተመስገን!» አለ። ነቀርሳ ይዞሃል ተብሎ ተመስገን ያለ ሰው መካኒሳ ከተቆረቆረች አላየችም። እንባው ጢሙ ላይ ያለውን ዱቄት እያቦካ ይወርዳል፤ እሱ ግን ይስቃል። ይሄ ሰው አበደ ብለው የሻይ ቤቱ ሰዎች ፈቀቅ አሉ።

ሳቁ ሲያልቅ ፍርሃቱ መጣ። ያን ጊዜ ጠየቀ። «እሞታለሁ?»

በኃይሉ ወንበሩን አስጠጋ። «ስማኝ ደገፋ፤ አሁን ሁሉንም እነግርሃለሁ። ግራ ኩላሊትህ ላይ እጢ አለ። ብርቱካን ያክላል፤ ይሄንን ያህል። ደሙ የሚመጣው ከሱ ነው። ግን ገና ከኩላሊቱ አልወጣም። ደረትህን በራጅ ያነሱህ ወደ ሳንባህ ሄዶ እንደሆነ ለማየት ነው፤ አልሄደም። ይኼኛው ዓይነት በኪኒን ወይ በመርፌ አይጠፋም፤ ብዙ ካንሰር በዚያ ይሞከራል፣ ይኼ ግን እምቢተኛ ነው። መድኃኒቱ ያንን ኩላሊት ከነእጢው አውጥቶ መጣል ብቻ ነው።»

«ያለ ኩላሊት?»

«ሁለት አይደል የሰጠህ? ቀኝህ ጤነኛ ነው፤ ራጁ ላይ ታይቷል። በአንድ ኩላሊት ሰው ዕድሜውን ይጨርሳል። የሚያስፈራው መቀደዱ አይደለም፤ መቆየቱ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ነገሩ። አንድ ወር በገብስ ውሃ አባክነሃል።»

«ማን አባከነው?» አለ ደገፋ ቁጣው ተመልሶ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ መቼ ደበቅኩ? እናንተ ናችሁ የእኔን በሽታ ከእኔ የደበቃችሁት! ጠጠር አላችሁኝ፣ እኔም ለጠጠር የሚደረገውን አደረግኩ። የመጀመሪያ ቀን ብትነግሩኝ ያን ዕለት እገባ ነበር!»

ጥፋቱ ግማሽ የአማከለችና የበኃይሉ ነበር፤ ግማሹ ደግሞ የዚያ ቀይ ደሙን ሁለት ወር ጓሮ የቀበረ ሰውዬ ነው። ደገፋ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ብርቱካን አነሳና፣ ፍሬ ለይቶ፣ ሚስቱን ራሱ አጎረሳት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሆስፒታል ተኛ። ቀዶ ጥገናው ጠዋት ነበር። ተረኞቹ አልጋውን ሊገፉ ሲመጡ ደገፋ የአማከለችን እጅ ያዘ። ጸልዪልኝ ሊል ነው ብላ ጎንበስ አለች።

«አንድ ነገር ንገሪኝ። እንዳትዋሺኝ፤ ጠጠር እንዳትዪኝ። በኃይሉን ትወጂው ነበር?»

ሰው ሆዱ ሊቀደድ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው ይኼ? አማከለች ግን ያን ቀን ውሸት ሰልችቷት ነበር።

«እወደው ነበር» አለች። «ልጅ ሆኜ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አልቅሻለሁ።»

ደገፋ ዓይኑን ጨፈነ። ያ አሥራ አራት ዓመት የፈራው ነገር ገባና ቁጭ አለ። የሚገርመው፣ አልገደለውም።

«ታዲያ ለማን ነው ደሜን የሰጠሁት?» አለች ጆሮው ሥር። «ለማን ነው የተንበረከክሁት? አንተ ደንቆሮ! ያኔ ተሰጠሁ እሺ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቤቴ የምገባው ማን አስገድዶኝ መሰለህ?»

አልጋውን ገፉት።

አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። ኩላሊቱ ከነእጢው፣ ከነከበበው ስብ ወጣ፤ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «አስታማሚ ማነው?» አለ። «አስታማሚም በሽተኛም እኔ ነኝ» ብሎ ደገፋ ጎኑን ይዞ ተነሳና ራሱ ገባ። አማከለችን ደግሞ ከኋላው አስከተላት። ነቀርሳ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ከኩላሊቱ ሽፋን ግን አላለፈም፤ ጠርዙ ንጹሕ ነው። በየስድስት ወሩ ደረቱንና ሆዱን መታየት አለበት፤ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል። ሲጋራ ቀረ። ኩንታል ለጊዜው አይነካም። ሁሉንም በገዛ ጆሮው ሰማ።

አንድ ነገር ብቻ አስጨንቆት ነበር፤ በኃይሉ ሊጠይቀው ቤት ሲመጣ አወጣው።

«የሷም ደም፣ ያንተም ደም እኔ ውስጥ ገባ አይደል?»

«ገባ ይባላል።»

«አብረው?»

በኃይሉ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። «ኧረ በእመቤቴ! ደም ባንክ የሰጠነውን ይወስድና ለአንተ የሚስማማውን ከሌላ ያወጣል። የማን እንደገባልህ እግዜር ነው የሚያውቀው!»

«እሰይ!» አለ ደገፋ ከልቡ። በኃይሉን ግን ያን ቀን ራት ሳይበላ አልለቀቀውም፤ ሲሸኘውም እስከ ታክሲው ድረስ ነው፤ መንገድ ላይ ሁለቴ አረፍ እያለ።

ከፋሲካ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ተመለሰ። ዲንሳ ኩንታል የሚያነሳ ሌላ ሰው ቀጥሮ፣ ለደገፋ ድንጋይ መውቀርና ወፍጮውን ማዳመጥ ብቻ ተወለት። የመጀመሪያው ቀን ወረፋው ረዘመ፤ የተቀጠረው ሰውዬ ውሃ ሊጠጣ ወጣ አለ። አንዲት አሮጊት ማሽላዋን ይዛ ቆማለች። ደገፋ ግራ ቀኙን አየና ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ያዘ።

«አንተ! አየሁህ! አስቀምጥ!»

ድምፁ የመጣው ከውጭ ነው። ደገፋ ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። አማከለች በርጩማዋን አዙራለች። ጀርባዋን ለመንገዱና ለገበያተኛው፣ ፊቷን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ ሽንኩርቷን ጎኗ አድርጋ አፍጥጣበታለች። አንድ ሰውዬ ከኋላዋ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ሁለት ኪሎ» እያለ ይጣራል፤ አልሰማችውም።

ወረፋው በሳቅ አወካ። ደገፋ ጆንያውን ለቀቀና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

«ገበያሽን አትጠብቂም እንዴ?» አላት።

«አሥራ አራት ዓመት አንተ ጠበቅኸኝ። አሁን ተራዬ ነው።»

ደገፋ ከፍሬሙ ላይ ዱቄቱን በእጁ ጠረገ። «ሰውዬው ሁለት ኪሎ ነው የሚለው፤ ስጪው እንጂ» አላት። እሷ ግን አልዞረችም። እሱም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ፣ እንዳያስጨንቃት፣ ከመስኮቱ ሳይርቅ ዋለ።